ስክሪኑ ለማን ይታያል? በእጅ ስለሚያዙ የጌም ኮንሶሎች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በእጅ ስለሚያዙ የጌም ኮንሶሎች ስክሪን የሚጠይቁ ናቸው። የቀሩት ደግሞ በጌም ዓለም ማን እንደሚጋበዝና ማን እንደሚገፋ ያነሳሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ያቀረብነው ሆን ብለን ነው፤ ፊደሉ የማይነበብ ስክሪን ሰውን ከጨዋታ ያስወጣል፣ ክፉ ንግግርም እንዲሁ። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮንሶል ልገዛ ነው። አንዱ 7 ኢንች ኦሌድ፣ 720 ፒ ነው። ሌላው 7 ኢንች ኤልሲዲ፣ 1080 ፒ ነው። ቁጥሩ የበለጠውን ልውሰድ?

ቁጥሩን ብቻ አይተው አይወስኑ። 1280 በ720 ፒክሰል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ያለው የ7 ኢንች ስክሪን በአንድ ኢንች ላይ 210 ገደማ ፒክሰል ይይዛል፤ 1920 በ1080 የሆነው ደግሞ 315 ገደማ። ጤናማ ዓይን የሚለየው ትንሹ ዝርዝር የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ያህል ነው ተብሎ ይሰላል። ይህ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በኢንች ወደ 218 ፒክሰል ይሆናል፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ወደ 290። ስለዚህ ኮንሶሉን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ለሚጫወቱ ሰው 720 ፒ ዓይን ሊለይ ከሚችለው ብዙም አያንስም። ተጋድመው ወደ ፊታቸው የሚያስጠጉት ከሆነ ግን ልዩነቱን ያዩታል፤ ከሁሉ በፊት በደቃቅ ጽሑፍ ላይ።

1080 ፒ ከ720 ፒ ይልቅ 2.25 እጥፍ ፒክሰል እንዲሳል ይጠይቃል። ቺፑ ይህን ካልቻለ ጌሙ በ720 ይሳልና ወደ 1080 ይለጠጣል፤ ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መለጠጡ 1.5 እጥፍ ነው። አንዱ ፒክሰል በአንድ ተኩል ፒክሰል ላይ በትክክል ሊያርፍ ስለማይችል ጠርዞች ይደበዝዛሉ። በ2025 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2 ስክሪኑ 7.9 ኢንችና 1080 ፒ ሆኖ ሳለ፣ ለመጀመሪያው ስዊች የተሠሩና ያልታደሱ ጌሞች በእጅ ሲያዙ ፈዘዝ የሚሉበት ምክንያት ይኸው ነው። መለጠጡ ሙሉ ቁጥር ሲሆን ግን ምስሉ ጥርት ብሎ ይቀመጣል። የጌም ቦይ 160 በ144 ምስል በ5 ሲባዛ 800 በ720 ይሆናል፤ የ720 ፒን ስክሪን ከፍታ ሳያጎድል ይሞላል። የጌም ቦይ አድቫንስ 240 በ160 በ5 ሲባዛ ደግሞ 1200 በ800 ነው፤ ይህም የስቲም ዴክ (የኮምፒውተር ጌሞችን የሚያጫውት በእጅ የሚያዝ ኮንሶል) ስክሪን ከፍታ ነው። የቆዩ ጌሞች የሚወዱ ከሆነ ይህን ስሌት ከመግዛትዎ በፊት ይሥሩት።

ወደ ኦሌድ እንምጣ። እያንዳንዱ ፒክሰል የራሱን ብርሃን ስለሚያወጣ ጥቁር ማለት የጠፋ ፒክሰል ነው። ኤልሲዲ ግን የጀርባ መብራቱ ሁልጊዜ ስለሚበራ ጥቁሩ ጨለማ ክፍል ውስጥ ግራጫ ሆኖ ይታያል። የኦሌድ ፒክሰል ቀለሙን ለመለወጥ ከ1 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ የኤልሲዲ ብዙ ሚሊ ሰከንድ ስለሚፈጅ በፍጥነት የሚሮጥ ነገር ከኋላው ጥላ ይጎትታል። ኦሌድ ለረጅም ሰዓት የቆመ ምስል፣ ለምሳሌ የሕይወት መለኪያ መስመርን፣ ቀስ በቀስ እንደ ጠባሳ ሊያስቀር ይችላል። ለዚህ የእንቅልፍ ሰዓቱን 5 ደቂቃ ላይ ማድረግ፣ ብሩህነቱን ያለ ምክንያት ጥግ ላይ አለማስቀመጥና አንድ ጌም ብቻ በቀን ለብዙ ሰዓት አለማሄድ በተግባር በቂ ጥንቃቄ ነው።

ለውጭ አጠቃቀም ኒቱን፣ ማለትም የስክሪኑን ብሩህነት መለኪያ፣ ይዩ። በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ 400 ኒት ነበር። በ2023 የወጣው የኦሌዱ ሞዴል በመደበኛ ምስል 600፣ በኤችዲአር (ብሩህና ጨለማውን ይበልጥ አስፍቶ በሚያሳይ ምስል) ጫፉ ላይ 1000 ይደርሳል። ይሁንና ጸሐይ ፊት ለፊት ሲያርፍበት የትኛውም ይሸነፋል። ያን ጊዜ የሚረዳው ነጸብራቅ የሚበትን ሸካራ መስታወት ነው፤ እሱም በምላሹ ጥቁሩን ትንሽ ያነጣዋል።

በ7 ኢንች ላይ ቺፑ ተመሳሳይ ከሆነ የእኛ ምርጫ የ720 ፒው ኦሌድ ነው። ደቃቅ ጽሑፍ የሚቸግርዎ ወይም በስክሪን ብልጭታ ራስዎን የሚያምዎ ከሆነ ግን ቀጣዮቹን መልሶች ሳያነቡ ገንዘብ አያውጡ።

ዕድሜዬ 58 ነው። ከልጅ ልጆቼ ጋር እጫወታለሁ፤ ግን የጌሙ ጽሑፍ ጉንዳን ይመስላል። ዓይኔ ነው ወይስ ኮንሶሉ?

ሁለቱም ነው፣ ድርሻው ግን ወደ ጌሙ ሠሪዎች ያደላል። ብዙ ጌሞች የሚሠሩት ለትልቅ ቴሌቪዥን ነው፤ ያው ምስል ሳይስተካከል 7 ኢንች ውስጥ ይታጨቃል። ምን ያህል እንደሚያንስ ለመገመት ይህን ይዩ፦ አንድ ጌም በስቲም ዴክ ላይ "የተረጋገጠ" የሚለውን ምልክት እንዲያገኝ በ1280 በ800 ላይ ትንሹ ፊደል ከ9 ፒክሰል ማነስ የለበትም። 9 ፒክሰል በዚያ 7 ኢንች ስክሪን ላይ ሲለካ 1 ሚሊ ሜትር ከፍታ ብቻ ነው። ይህ እንግዲህ ፈተናውን ያለፈው ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ ቅርብ ነገር ላይ ማተኮር እየተሳነው ስለሚሄድ፣ በእርስዎ ዕድሜ አንድ ሚሊ ሜትር ፊደል አለማንበብ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

መጀመሪያ የጌሙን የራሱን ሴቲንግ ይክፈቱ። የጽሑፍ መጠን፣ የሰብታይትል መጠን፣ የሰብታይትል ጀርባ የሚሉ ምርጫዎች ተደራሽነት በሚለው ምዕራፍ ሥር፣ አንዳንዴም በድምፅ ወይም በስክሪን ሥር ተበታትነው ይገኛሉ። ከመጠኑ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያድነው ጀርባው ነው። ነጭ ጽሑፍ በበረዶ ወይም በደመና ላይ ሲወድቅ የቱንም ያህል ቢያድግ አይነበብም። ለድረ ገጽ ጽሑፍ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ መመሪያ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብሩህነት ንጽጽር፣ ለትልልቅ ፊደላት ደግሞ 3 ለ1 ይጠይቃል። ከጽሑፉ በስተጀርባ ጥቁር ሳጥን ማብራት ይህን ወዲያው ያሟላል።

ጌሙ ምንም ካልሰጠዎ ወደ ኮንሶሉ ይሂዱ። በስዊች ላይ በሲስተም ሴቲንግ ውስጥ ማጉያውን አንድ ጊዜ ካበሩት በኋላ የሆምን ቁልፍ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ሲጫኑ ስክሪኑ ይጎላል፤ በኤክስ ያሳድጋሉ፣ በዋይ ያሳንሳሉ። በስቲም ዴክ ላይ የስቲምን ቁልፍ ይዘው ኤል1ን ሲጫኑ ማጉያ መስታወት ይመጣል። ማጉያ ረጅም ንግግር ለማንበብ ያደክማል። የዕቃ ዝርዝርና ካርታ ለማየት ግን ሁነኛ መላ ነው።

ዊንዶውስ ባላቸው ኮንሶሎች ላይ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ዘዴ አለ። በቆዩ የኮምፒውተር ጌሞች የፊደሉ መጠን በፒክሰል የተወሰነ ነው። ስለዚህ ሬዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 ሲያወርዱ ፊደሉ 1.5 እጥፍ ያድጋል። ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

የመነጽሩንም ነገር አይርሱ። የንባብ መነጽር የሚለካው ለአንድ የተወሰነ ርቀት ነው። ኮንሶሉን እንደሚጫወቱበት ይዘው ከዓይንዎ እስከ ስክሪኑ ያለውን በሜትር ያስለኩና ቁጥሩን ለዓይን ባለሙያው ይንገሩ።

ጌሜ 60 ፍሬም አይደርስም፣ በ30 ደግሞ ይቆራረጣል። መካከለኛ የለውም? (ዕድሜዬ 15 ነው።)

አለ፤ 40 ነው። በ30 ፍሬም (በሰከንድ 30 ምስል) አንዱ ምስል 33.3 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል፣ በ60 ደግሞ 16.7። የሁለቱ መካከል 25 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ እሱም 40 ፍሬም ማለት ነው። ቁጥሩ ከ30 በ10 ብቻ ቢበልጥም በጊዜ ሲለካ እስከ 60 ያለውን መንገድ እኩሌታ ሄዷል።

ነገር ግን ስክሪኑም አብሮ መቀየር አለበት። 60 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ፣ ስክሪን ላይ 40 ፍሬም ብትልክ አንዱ ምስል 16.7፣ ቀጣዩ 33.3 ሚሊ ሰከንድ እየቆየ ይንገጫገጫል። በስቲም ዴክ ሦስት ነጥብ ያለበትን ቁልፍ ተጭነህ በፐርፎርማንስ ገጽ ላይ ወሰኑን 40 አድርገው። የኤልሲዲው ስክሪን ራሱን ወደ 40 ሄርዝ ያወርዳል፣ የኦሌዱ ደግሞ እያንዳንዱን ምስል ሁለቴ እያሳየ ወደ 80 ይወጣል። 120 ሄርዝ ስክሪን ካለህ 120 ለ40 ሲካፈል በትክክል 3 ስለሚሆን ችግር የለም። አሁንም ከተንገጫገጨ ጥላንና ነጸብራቅን አንድ አንድ ደረጃ ቀንስ፤ ከሌሎቹ ሴቲንጎች ይልቅ ቺፑን የሚያስጨንቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የ10 ዓመት ወንድ ልጄ የራሱን ቡድን ከጠላት ቡድን አይለይም። ጓደኞቹ ይስቁበታል። አንዱ ቡድን ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ ነው።

ልጅዎ ቀይና አረንጓዴ የሚለይበት የዓይን ሕዋስ ከሌሎች የተለየ ሊሆን ይችላል። ይህ በዘር የሚመጣ ነው። ጂኑ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነና ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ በወንዶች ላይ ይበዛል። በአውሮፓ ዝርያ ሕዝቦች ዘንድ ከ12 ወንዶች አንዱ፣ ከ200 ሴቶች አንዷ ይኖርባቸዋል። የዓይን ባለሙያ በጥቂት ደቂቃ ፈተና ያረጋግጥልዎታል፤ ለትምህርቱም ስለሚጠቅም ያስመርምሩት።

እስከዚያው ጌሙን እናስተካክል። ብዙ ጌሞች ለቀለም ዕይታ ሦስት ምርጫ ይሰጣሉ፦ ፕሮታን (ቀይን ለማየት ለሚቸገር)፣ ዴዩተራን (አረንጓዴን)፣ ትሪታን (ሰማያዊን)። በብዛት የሚገኘው ዴዩተራን ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ። ልጁ ራሱ በእጁ ይዞ ይምረጥ፤ እርስዎ የሚያዩት እሱ የሚያየውን አይደለም። ምርጫዎቹ ግን ሁለት ዓይነት እንደሆኑ ልብ ይበሉ። አንዱ ዓይነት ሙሉ ስክሪኑን ቀለም ይቀባል፤ ሣሩም ሰማዩም ሰው ፊቱም ይለወጣል፣ የቀድሞው ግራ መጋባትም በአዲስ ቀለም ይተካል። ሌላው ዓይነት የቡድኑን ምልክት፣ የኢላማውን መስቀልና የካርታውን ነጥብ ብቻ ለይቶ ይቀይራል። ሁለተኛው ካለ ያለማመንታት እሱን ይውሰዱ፤ አንዱን ቡድን ሰማያዊ፣ ሌላውን ብርቱካናማ ያድርጉ። ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀይና አረንጓዴ ለማይለይ ዓይን ይራራቃሉ።

ጌም ከመግዛትዎ በፊት የሚረዳ ፈተና እንጠቁምዎ። በስዊች ሲስተም ሴቲንግ ውስጥ ስክሪኑን ወደ ግራጫ የሚለውጥ ምርጫ አለ፤ በሌሎች ኮንሶሎች ደግሞ የጌሙን ፎቶ ስልክዎ ላይ ጥቁርና ነጭ ማድረግ ይችላሉ። ሁለቱ ቡድኖች በግራጫ ከተመሳሰሉና በቅርጽ፣ በጽሑፍ ወይም በምልክት የሚለያቸው ነገር ከሌለ፣ ያ ጌም በቀለም ብቻ የሚናገር ነው። ለልጅዎ አይሆንም።

አንድ ነገር እንጨምር። የፕሮታን ዓይን ቀይን ከሌላው ሰው ይልቅ ጨለማ አድርጎ ያየዋል። በኦሌድ ስክሪን ድቅድቅ ጥቁር ላይ የተጻፈ ቀይ ማስጠንቀቂያ ለእሱ ከነአካቴው ላይታይ ይችላል። ልጅዎ ማስጠንቀቂያ እያለፈው የሚሸነፍ ከሆነ ስንፍና እንዳይመስልዎ።

አዲሱ ኦሌድ ኮንሶሌ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሴን ያመኛል። አሮጌው ኤልሲዲ እንዲህ አያደርገኝም ነበር።

ብዙ ኦሌድ ስክሪኖች ብሩህነት ሲቀንሱ ብርሃኑን በእውነት አያሳንሱም፤ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እያበሩና እያጠፉ የጠፋበትን ጊዜ ያረዝማሉ። ዓይን ብልጭታውን ባያውቀውም አንዳንድ ሰው ራሱን ያመዋል። ጥርጣሬውን እንዲህ ይፈትሹ፦ ስክሪኑ ላይ ነጭ ገጽ ያውጡ፣ ብሩህነቱን ወደ 20 በመቶ ያውርዱ፣ የስልክዎን ካሜራ ወደ ማንዋል ወስደው ሻተሩን 1/2000 ወይም ከዚያ በላይ ፈጣን ያድርጉና ያንሱ። ጥቁር ሽንትሮች ከታዩ ብልጭታ አለ ማለት ነው። በ50፣ በ75 እና በ100 በመቶ ይድገሙት። ሽንትሮቹ የሚቀጥኑበት ወይም የሚጠፉበት ደረጃ ካገኙ ከዚያ በታች አይውረዱ፤ ስክሪኑ በዛብኝ ካሉ የክፍሉን መብራት ይጨምሩ እንጂ ስክሪኑን አያጨልሙ። ለውጥ ከሌለ ግን ወደ ኤልሲዲ መመለስ ሽንፈት አይደለም። አንዳንድ ኤልሲዲም በዚሁ ዘዴ ስለሚደበዝዝ እሱንም ሳይፈትሹ አይግዙ።

ሕመሙ ከማቅለሽለሽ ጋር ከሆነ ጥፋቱ የስክሪኑ ላይሆን ይችላል። የካሜራ መንቀጥቀጥንና የእንቅስቃሴ ብዥታን ያጥፉ፣ የእይታ ስፋቱን ይጨምሩ፣ በሚሄድ መኪና ውስጥ አይጫወቱ።

ብልጭታን ካነሳን አይቀር፣ በብርሃን የሚነሳ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን ይወቁ። በዲሴምበር 1997 በጃፓን በአንድ የልጆች የቴሌቪዥን ካርቱን ላይ ቀይና ሰማያዊ በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ተፈራረቀና ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ሆስፒታል ተወሰዱ። የዛሬው የድረ ገጽ መመሪያ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ3 ብልጭታ በላይ እንዳይኖር የሚያዘው እንዲህ ያለውን አደጋ ለመከላከል ነው። በደንብ በበራ ክፍል ይጫወቱ፣ ስክሪኑን ያርቁት፣ ብልጭታውን የሚቀንስ ምርጫ ካለ ያብሩ። ድንገት ብልጭታ ቢመጣ ሁለቱንም ዓይን መጨፈን ሳይሆን አንዱን ዓይን በመዳፍ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ፊትን ማዞር ነው የሚመከረው። ቀሪውን ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

በጌም ቻት ውስጥ አማርኛ ስጽፍ ሳጥን ሳጥን ብቻ ይወጣል። ስክሪኑ ነው የማይችለው?

ስክሪኑ ምንም አላጠፋም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ስለዚህ የላኩት ጽሑፍ በትክክል ይደርሳል፣ ሥዕሉ ግን የለም። አብዛኛው ጌም የራሱን ፎንት (የፊደላት ቅርጽ ስብስብ) ይዞ ይመጣል፤ በዚያ ፎንት ውስጥ የእኛ ፊደል ካልተካተተ ሳጥን ይሥላል። ዊንዶውስ ያላቸው ኮንሶሎች ኒያላን የመሰለ ፎንት ሊኖራቸው ይችላል፣ ስቲም ዴክ ላይም በዴስክቶፕ ሁኔታ ገብተው የኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ፋይል ከፍተው መጫን ይችላሉ። ይህ ግን የሚያስተካክለው የሲስተሙን ፎንት የሚጠቀሙ ፕሮግራሞችን ነው፣ ለምሳሌ ብራውዘርን። ጌሙ የራሱን ብቻ የሚያነብ ከሆነ ከውጭ የሚደረግ ነገር የለም። ለሠሪዎቹ ይጻፉላቸው፤ ጥያቄው "አማርኛ ተርጉሙ" መሆን የለበትም፣ "ፎንታችሁ ፊደል ሲያጣ ወደ ሌላ ፎንት እንዲሄድ አድርጉ" ነው መባል ያለበት። ሥራው ቀላል ስለሆነ የመሰማት ዕድሉ ይሰፋል።

በራስዎ ጌም ለመሥራት የምታስቡ አንባቢዎችም ስላላችሁ እናክልበት። ለላቲን ፊደል የተቀመጠውን 9 ፒክሰል ለእኛ አትውሰዱት። ሑ እና ሒ የሚለያዩት ቀኝ እግሩ ላይ ባለች አንዲት ቅጥያ ብቻ ነው፤ አንዱ ጋ መሃል ላይ፣ ሌላው ጋ ግርጌ ላይ። ሦስቱ እግሮችና በመካከላቸው ያሉት ሁለት ክፍተቶች ብቻ 5 ፒክሰል ስፋት ይበላሉ፣ ቅጥያዋ ተጨማሪ ትፈልጋለች፣ ከፍታው ደግሞ ራሱን፣ መሃሉንና ግርጌውን በግልጽ መለየት አለበት። ሊን ከሌ የሚለየውም እንዲሁ ትንሽ ቀለበት ነው። እኛ ከ16 ፒክሰል በታች እንዳትወርዱ፣ ለንግግር ጽሑፍ ደግሞ 20ን መነሻ እንድታደርጉ እንመክራለን። ፎንቱን የምትፈትኑትም ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆን በኮንሶሉ ላይ በክንድ ርቀት ይዛችሁ እየለያችሁ እንጂ በኮምፒውተር ትልቅ ስክሪን ላይ አይሁን።

ቀኝ እጄ አይሠራም። በእጅ የሚያዝ ኮንሶል ለእኔ ይሆናል?

ይሆናል፣ በእጅ አለመያዙን ከተቀበሉ። ክብደቱን እንይ፦ ስዊች ላይት 275 ግራም ገደማ ነው፣ ስቲም ዴክ ኦሌድ 640 ገደማ፣ የሌኖቮ ኮንሶል ሌጅን ጎ 854 ገደማ። ለአንድ እጅ ከባዱን አንስቶ መያዝም አውራ ጣትን ማንቀሳቀስም አይቻልም። ስለዚህ መቆሚያ ያለው ወይም በመቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ኮንሶል ይምረጡ፤ ስክሪኑን በዓይን ከፍታ፣ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያቁሙት። መቆጣጠሪያው የሚነቀል መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው።

ለቁልፎቹ፣ የስዊች ሲስተም ከ2020 ጀምሮ ቁልፎችን መለዋወጥ ይፈቅዳል። ስቲም ላይ ደግሞ ከዚህ ርቆ አንዱን ቁልፍ በአጭር ሲጫኑ አንድ ሥራ፣ ይዘው ሲያቆዩት ሌላ ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ የኋላ ቁልፎችና የእጅ እንቅስቃሴ ዳሳሹም ይመደባሉ። ይዞ ማቆየት የሚጠይቁትን ሁሉ "አንዴ ተጭኖ ማብራት፣ ደግሞ ተጭኖ ማጥፋት" ወደሚለው ይቀይሯቸው፤ አንድ ጣት ነጻ ይወጣል። ይህ ካልበቃ በ2018 የወጣው የኤክስቦክስ አዳፕቲቭ ኮንትሮለር 19 የ3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎችና 2 ዩኤስቢ መግቢያዎች አሉት፤ በእግር የሚረገጥ፣ በክርን የሚገፋ ወይም በአገጭ የሚነካ ቁልፍ ይሰካበታል። ከዊንዶውስ ኮንሶሎች ጋር በገመድም በብሉቱዝም ይገናኛል። መጀመሪያ ሁለት ቁልፍ ብቻ ይሰኩ፣ ከለመዱት በኋላ ይጨምሩ፤ በአንዴ ስምንት ቁልፍ የዘረጋ ሰው ቦታቸውን ሳይለምድ ይሰላቻል።

ደግሞም አዲስ ልመና አይደለም። በ1989 የወጣው አታሪ ሊንክስ ግራኝ ተጫዋች ኮንሶሉን ገልብጦ እንዲይዝ፣ ምስሉም አብሮ እንዲገለበጥ ተደርጎ ነበር የተሠራው።

ሴት ነኝ። ድምፄን ሲሰሙ ስድብ ይጀምራል። 20 የምንሆን የጌም ቡድንም አለን፤ ሌሎች ሴቶችና አዲስ ተጫዋቾች መጥተው እንዳይሸሹ ምን እናድርግ?

ማይክ መዝጋት መሸነፍ አይደለም፣ ማንም ሰው የመስማት ግዴታ የለበትም። የድምፅ ቻትን "ከጓደኞች ብቻ" ላይ ያድርጉት። ከማያውቋቸው ጋር በምልክት ይነጋገሩ፤ በ2019 አፔክስ ሌጀንድስ የተሰኘው የተኩስ ጌም ባንድ ቁልፍ "ጠላት እዚህ ነው"፣ "መሣሪያ እዚህ አለ" ማለትን ሲያስፋፋው መስማት የተሳናቸውም ሆነ መናገር የማይፈልጉ ተጫዋቾች እኩል መሳተፍ ችለዋል። ተሳዳቢውን በጨዋታው መካከል አይመልሱለት። ስሙ የሚታይበትን የስክሪን ፎቶ ያንሱ፣ ሰዓቱን ይያዙ፣ ድምፁን ይዝጉ፣ ጨዋታው እንዳለቀ ሪፖርት ያድርጉ። ሪፖርቱ ላይ "ባለጌ ነው" ከሚል ይልቅ የተባለውን ቃል በቃል ይጻፉ፤ የሚያጣራው ሰው የሚሠራው በማስረጃ ነው።

ለቡድናችሁ ደንቡ ከአምስት መስመር አይብለጥ፣ መቀጫው ግን ይጻፍ። ለምሳሌ የመጀመሪያው ጊዜ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛው የአንድ ሳምንት እገዳ፣ ሦስተኛው መሰናበት፤ ዛቻና የአካል ትንኮሳ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብት። አቤቱታ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ይመረጡ፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፣ በአቤቱታው የተነካ ሰው በውሳኔው አይቀመጥ። ቡድኖች ብዙ ጊዜ የሚፈርሱት ደንብ አጥተው አይደለም፤ ጎበዝ ተጫዋች ሲያጠፋ ደንቡን ስለሚያጥፉለት ነው። አዲስ የመጣን ሰው "ስንት ዓመት ተጫወትሽ? አሳዪን" ብሎ መፈተን ይከልከል። ሴትን ስትመጣ "ከማን ጋር መጣሽ" ማለትም እንዲሁ።

በቀላል ደረጃ የሚጫወተውን ማሾፍ የደብዳቤያችሁ ሌላ ቅሬታ ነበር። በ2018 የወጣው ሴሌስት እጅግ አስቸጋሪ ጌም ሆኖ ሳለ የጨዋታውን ፍጥነት ከ100 እስከ 50 በመቶ በ10 በ10 እየቀነሱ መጫወት ይፈቅዳል። በ70 በመቶ የጨረሰችው ልጅ መንገዱን፣ ዝላዩንና ታሪኩን ሁሉ አልፋበታለች፤ በ100 የጨረሰው ያጣው ነገር የለም። ቡድናችሁ ውስጥ ሰው በምን ደረጃ እንደተጫወተ ካልተናገረ አይጠየቅ።

ውድድር ስታዘጋጁ የቁልፍ መለዋወጥ፣ የራስን መቆጣጠሪያ ማምጣት፣ የቀለም ምርጫ፣ የጽሑፍ መጠንና ድምፅን በምስል የሚያሳይ ሴቲንግ በግልጽ ተፈቅደው በማስታወቂያው ላይ ይጻፉ። ኮንሶሎቹ የጋራ ከሆኑ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት 10 ደቂቃ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጥ፤ ይህ ጊዜ ከማንም የጨዋታ ሰዓት አይቀነስ። አስተካካዩ ሲጨርስ ሴቲንጉን በስልኩ ፎቶ ያንሳው፤ በቀጣዩ ዙር ሌላ ኮንሶል ቢደርሰው በሁለት ደቂቃ ይመልሰዋል።